«ፎቶ ይመስላል» ማለት ይብቃችሁ

ክቡር አዘጋጅ፦

የጋዜጣችሁ የጥበብ ገጽ አንባቢ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ላይ ጋዜጣውን ገዝቼ፣ ማኪያቶዬን አዝዤ፣ ፖለቲካውን አልፌ መጀመሪያ የምገልጠው እሱን ነው። ስለዚህ የምጽፈው ከክፋት አይደለም። ግን አሁንስ አንገሸገሸኝ።

የሥዕል ኤግዚቢሽን ሲከፈት ሪባኑን ማን እንደቆረጠ ትጽፋላችሁ። የትኛው አምባሳደር እንደተገኘ ትጽፋላችሁ። ሠዓሊው የት እንደተወለደ፣ ልጅ ሆኖ ግድግዳ ላይ በከሰል እንዴት ይሞነጫጭር እንደነበር ትተርካላችሁ (የሁላችንም የልጅነት ታሪክ ከሰልና ግድግዳ ነው፣ አይገርምም?)። ከዚያ ሥዕሉ ላይ ስትደርሱ አንድ መስመር ብቻ ትቀራችኋለች፤ «ፎቶግራፍ እስኪመስል ድረስ ተጠብቦ የሣለው»። አለቀ።

ሥራዬ የሰው ፊት መሣል ነው። በዘይት ቀለም፣ በድሮው ዘዴ፣ ሰውየውን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ። እና እንደ እኔ ላለ ሰው «ፎቶ ይመስላል» ሙገሳ አይሆንም። ለማመስገን ብላችሁ እንደምትጽፉት ይገባኛል። ግን ይህቺ አባባል ደንበኛው ጆሮ ገብታ ቤቱን ሠርታለች፤ ከዚያ ስልኩን አስይዛ ወደ እኔ ትልከዋለች።

ደንበኛው ደረጃውን እያለከለከ ይወጣል። «ጋሼ፣ እማዬን ልናሥላት ነው፤ እሷ አታውቅም፣ ሰርፕራይዝ ነው» ይላል። ስልኩን ያወጣል። ፎቶው በቴሌግራም ከሰው ሰው ሲላላክ ደቅቋል። ቆዳው በፊልተር ተለስልሶ አንድ መስመር አይታይበትም፤ ሰባት ልጅ ያሳደገች ሴት ግንባሯ እንደ ሕፃን ሆኗል። «ልክ እንደዚህ አድርገህ፣ ቁርጥ ፎቶውን። ትንሽ ግን ቀላ ብትል ደስ ይለናል።» መቼ ነው የምትፈልጉት? «እሁድ!»

ካሜራ ጠላቴ ሆኖ አይደለም። የእኛን ቆዳ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ግን ጥሩ ነው። በፊልም ዘመን የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉበት ካርድ ይልክላቸው ነበር። «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። ለረጅም ዓመታት ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ አምሮ ከወጣ ማሽኑ ልክ ነው፣ ይታተም ማለት ነው። የድሮ የቡድን ፎቶዎች ላይ ከነጭ ሰው አጠገብ የቆመው ጥቁር ሰው ዓይንና ጥርሱ ብቻ የሚቀረው በከፊል በዚህ የተነሣ ነው። የዛሬ ስልክ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ያጠፋል። ጠየም ያለ ፊት ሲያይ ጨለመብኝ ብሎ ያበራዋል፣ ጥላውን ያነሣዋል፣ ሁሉን እኩል ያደርገዋል። ፊትን ድቡልቡል የሚያደርገው ግን ብርሃንና ጥላ ነው። ጥላው ሲነሣ አፍንጫው ከጉንጩ ጋር አንድ ይሆናል። በዚያ ላይ ሴልፊ ከክንድ ርቀት ስለሚነሣ አፍንጫን አሳብጦ ጆሮን ወደ ኋላ ይገፋል። እኔ እንግዲህ ይህንን ስህተት ሁሉ በጥንቃቄ፣ በትንሽ ብሩሽ፣ ለሳምንታት ስገለብጥ እንድከርም ነው የሚጠበቀው።

ሰውየው ካረፈ ሌላ ነው። ፎቶ ተቀብዬ እሠራለሁ፣ ምን አማራጭ አለ። ግን ያኔም ቤተሰቡን «ከአልበም አምጡ» ነው የምለው። በድሮ ፎቶ ቤት በአንድ መብራት የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በስልክ ከተለሰለሰው ባለ ቀለም ፎቶ አሥር እጅ ይሻላል፤ ቀለም ባይኖረውም ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

አንድ ሥዕል ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1650 ስፔናዊው ዲዬጎ ቬላስኬዝ ሮም ላይ የሣለው የሁዋን ደ ፓሬሃ ሥዕል ነው። ዛሬ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ፓሬሃ የዘር ሐረጉ ከአፍሪካ የሆነ፣ ጠይም፣ ፀጉሩ ከርዳዳ፣ በቬላስኬዝ ስቱዲዮ የሚሠራ ባሪያው ነበር። (በዚያው ዓመት ቬላስኬዝ የነፃነት ወረቀቱን ፈርሞለታል። ወረቀቱ የሚጸናው ግን ከ4 ዓመት በኋላ ነው የሚል ተጨምሮበታል፤ ደግነትም በቀጠሮ። ፓሬሃ ኋላ ራሱ ሠዓሊ ሆኗል።) የስፔን ሠዓሊዎችን ሕይወት የጻፈው ፓሎሚኖ እንደሚተርከው፣ ቬላስኬዝ ሥዕሉን በራሱ በፓሬሃ አስይዞ ወዳጆቹ ጋ ላከው፤ እነሱም አንዴ ሥዕሉን አንዴ ሰውየውን እያዩ የትኛውን እንደሚያናግሩ ግራ ገባቸው ይባላል። በዚያን ጊዜ ፎቶ የሚባል ነገር የለም። ማንም «ፎቶ ይመስላል» ሊለው አይችልም። ሰው ይመስላል ነው ያሉት።

ያን ሥዕል በደንብ ያየ ሰው ለጠይም ፊት አንድ ቡናማ ቱቦ ከፍቶ አይጨምቅም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከቸርችል ጎዳና እስከ ፒያሳ የተሰቀሉትን የሰው ፊት ሥዕሎች እዩ። ብዙዎቹ የተሠሩት በሁለት ቀለም ነው፤ ቡናማና ነጭ። ጥላ ሲፈለግ ቡናማው ላይ ጥቁር፣ ብርሃን ሲፈለግ ነጭ። ውጤቱ አመዳም ፊት ነው፤ ቅባት ያልነካው። ነጭ ቀለም፣ በተለይ ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበት ቲታኒየም ነጭ፣ ኃይለኛና ቀዝቃዛ ነው። ቡናማ ላይ ሲገባ ሙቀቱን ይወስድበታል። ለዚህ ነው የኛ ሰው ፊት ላይ ብርሃን ሲወጣ ከነጭ በፊት ኦከር (ቢጫ የአፈር ቀለም) እና ትንሽ ቀይ የሚያስፈልገው። ጥላውም ላይ ጥቁር አይነካ። በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ የአፈር ቀለም) እና አልትራማሪን የሚባለው ደማቅ ሰማያዊ ሲቀላቀሉ ጥልቅ የሆነ፣ ግን ውስጡ የሚያሳይ ጨለማ ይሰጣሉ። የድሮዎቹ ሠዓሊዎች ጥላን በስሱ፣ ብርሃንን በወፍራሙ የሚቀቡት በምክንያት ነው፤ ስሱ ቀለም ወደ ውስጥ ይስባል፣ ወፍራሙ ወደ ዓይን ይመጣል።

ከዚያ ደግሞ ፊት አንድ ቀለም የለውም። ግንባር ወደ ቢጫ ያደላል። ጉንጭ፣ አፍንጫና ጆሮ ደም ስለሚበዛባቸው ይቀላሉ፣ ጥቁር ሰው ላይም ቢሆን፤ እዩ እንጂ። ወንድ ከሆነ አገጩ አካባቢ ፂሙ ከቆዳ ሥር ስላለ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያዘነብላል። ከዓይን ሥር ሐምራዊ አለ። ጆሮ ከኋላው ብርሃን ሲመታው እንደ ፍም ይቀላል። ብርሃኑ አልቆ ጥላው የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ደግሞ ቀጭን ሞቅ ያለ መስመር አለ፤ እሷን ያገኘ ሠዓሊ ፊቱን ሕይወት ሰጠው ማለት ነው፣ ያላገኘ ጭምብል ሠራ።

እና ወዙ። ጠይም ቆዳ ላይ የግንባርና የአፍንጫ ወዝ ከነጭ ቆዳ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ዙሪያው ጠቆር ስለሚል። ያ ወዝ የቆዳው ቀለም የለውም፣ የመስኮቱ ቀለም ነው ያለው። ሰማዩ ሰማያዊ ከሆነ ግንባሯ ላይ ያለው ብልጭታ ሰማያዊነት ያለው ግራጫ ነው። ደንበኛ ይህን ሲያይ «ጋሼ፣ እማዬ ግንባር ላይ ሰማያዊ ምን ይሠራል?» ይለኛል። እስኪ ራቅ ብለህ እየው እለዋለሁ። ራቅ ሲል ይጠፋል፤ እናቱ ትቀራለች።

አሁን ደግሞ ወደ «እሁድ» እንምጣ።

የዘይት ቀለም ውስጥ ያለው ዘይት በአብዛኛው የተልባ ዘይት ነው። አዎ፣ ያቺው በጾም የምንበጠብጣት ተልባ። ይህ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ይጠጥራል። አምበር ውስጥ መድረቁን የሚያፋጥን ማንጋኒዝ ስላለ ስሱ ቅብ በአንድ ሁለት ቀን ይይዛል። ነጭና ጥቁር ግን ያስጠብቃሉ። የመጀመሪያው ቅብ በግራጫና በቡናማ ብቻ ነው፤ ቅርጹንና ብርሃኑን ያቆማል። እሱ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይመጣም። ታች ያለው ዘይቱ ይነስ፣ ላይ የሚመጣው ዘይቱ ይብዛ፤ ይህ ሕግ ነው። ከተገለበጠ ላይኛው ቀድሞ ይጠጥርና ታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላዩ ላይ የሚደረገውን መከላከያ ቫርኒሽ ለመቀባት ደግሞ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይጠበቃል። ለእሁድ የሚደርስ የምትፈልጉ አክሪሊክ አለላችሁ፣ ውሃው በደቂቃዎች ተንኖ ያልቃል፤ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፣ አገናኛችኋለሁ፣ ቅር አይለኝም።

በነገራችን ላይ፣ ቤታቸው ለሚሠሩ ወጣቶች አንድ ነገር። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተከምሮ ከተቀመጠ እየሞቀ ሄዶ ማንም ሳይለኩሰው እሳት ይነሣበታል። ተረት አይምሰላችሁ። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ክዳን ባለው ጣሳ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ በተለይ እንደ እኔ የድሮ የእንጨት ወለል ላይ የምትሠሩ።

ስለ ብርሃንም አንድ ነገር ልበል፣ የአዲስ አበባ ጉዳይ ስለሆነ። የአውሮፓ መጻሕፍት ሁሉ «የስቱዲዮ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን» ይላሉ። እነሱ አገር ፀሐይ አብዛኛውን ጊዜ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ በሰሜን መስኮት ቀጥታ ብዙም አትገባም፣ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። እኛ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐያችን በሰሜን በኩል ነች! ግንቦት ላይ ሰሜን መስኮቴ ድረስ መጥታ የምሥላት ሴትዮ ጉንጭ ላይ ቁጭ ትላለች። መድኃኒቱ አቡጀዲ መጋረጃ ነው። ክረምት ሲገባ ደመናው ራሱ መጋረጃ ይሆናል፤ ብርሃኑ ለስላሳና እኩል ነው፣ ለፊት ከዚያ የተሻለ የለም። ቀለሙ ግን በእርጥበቱና በብርዱ አልደርቅ ይላል። አንዱን ሲሰጥ አንዱን ይነሣል።

ጨርቅን ሳላነሣ ደብዳቤውን ብዘጋ ደግሞ እናቶች ይቀየሙኛል፤ ለመሣል ሲመጡ ዋናው ጭንቀታቸው ነጠላው ነውና።

ነጠላ ነጭ ነው ብሎ የሚጀምር ሠዓሊ ገና ሳይጀምር ተሸንፏል። ንጹሕ ነጭ ቀለም ከቱቦው እንደወጣ የሚቀባው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ በቀጥታ ያረፈበት እጥፋት ጫፍ ላይ። የቀረው ሁሉ ግራጫ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ወደ ሰማያዊ፣ በአንገቱ በኩል ወደ ሞቃት፣ ምክንያቱም ቆዳው ራሱ ቀለሙን ጨርቁ ላይ ይመልሳል። በዚያ ላይ ነጠላ ስስ ነው። አንዴ ብቻ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ቆዳው ወይም ቀሚሱ ከሥሩ ይታያል፤ ሲደረብ ይነጣል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ አንገቱንና ትከሻውን ጨርቅ እንደሌለ አድርጌ እሠራለሁ። ሲደርቅ፣ ብሩሹን ጠረግ አድርጌ፣ ስስ ነጭ ላዩ ላይ እየጎተትኩ አለብሳለሁ። ያኔ ነጠላው እውነትም የተለበሰ ይሆናል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ያን ያህል ለፍቶ የሠራውን ስስነት እኛ ኖራ ቀብተን ብንደፍነው ነውር ነው።

ጥለቱ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይወድቃል። ጥለት በማስመሪያ የተሠመረ ቀጥታ መስመር ሆኖ ይሣላል፣ ጨርቁ ግን ታጥፏል። ጥለቱ ከእጥፋቱ ጋር መውረድ፣ መጠምዘዝ፣ መጥፋት፣ እንደገና ብቅ ማለት አለበት፤ ጥላ ውስጥ ሲገባ ቀዩም ወርቃማውም አብሮ ይጠቁራል። ጥለት መጨረሻ የሚሠራ ነገር ነው። መጀመሪያ ትልልቁ እጥፋት፤ ከየት ተንጠለጠለ? ከትከሻ ነው ወይስ ከክርን? እጥፋት ሁሉ ከተንጠለጠለበት ቦታ ተነሥቶ ይወርዳል። ጋቢ ከሆነ አራት ድርብ ስለሆነ እጥፋቱ ወፍራምና ክብ ነው፤ የነጠላ እጥፋት ግን ቀጭንና ብዙ። የጋቢን እጥፋት ነጠላ ላይ ሠርቶ፣ ሴትዮዋን ብርድ ልብስ የለበሰች ያስመሰለ ሥዕል ስንት አይቻለሁ።

የሙሽራ ካባ ይምጣ ሲባል ደግሞ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ሳቲን ብርሃን በቀጥታ ሲመታው ያንጸባርቃል። ከፋይ ግን ፊት ለፊት ሲያዩት ይጠቁራል፣ ጠርዙ ላይ ያበራል። ይህን ያላወቀ ከፋዩን የተወለወለ ቆዳ ጃኬት ያደርገዋል። ወርቅ ጥልፉ ላይም እባካችሁ ከሱቅ የሚገዛ «የወርቅ ቀለም» አትቀቡ፤ የነሐስ ዱቄት ያለበት ውሎ አድሮ ይጠቁራል። ወርቅ በኦከርና በአምበር ነው የሚሠራው፤ ለብልጭታው ብቻ ጥቂት ነጭ የገባበት ቢጫ።

ይህን ሁሉ የምለው ሌላውን ንቄ እንዳይመስላችሁ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጥላና ወዝ አይፈልግም፤ ጻድቁን ሁለት ዓይኑን ከፍቶ፣ ክፉውን በጎን አንድ ዓይን አድርጎ በመስመር ይናገራል፣ የራሱ ሕግ አለው። በእርሳስ ፎቶ እየገለበጡ ቲክቶክ ላይ የሚለቁት ልጆችም እጃቸው የሚያስቀና ነው። አንድ ቀን ግን ፎቶውን አስቀምጠው አያታቸውን መስኮት አጠገብ ቢያስቀምጡ ምን ይወጣቸው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

መማሪያ ደግሞ አጣን አንልም። አለ ፈለገሰላም ያቋቋሙት፣ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬም በስማቸው እያስተማረ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ሉሲን አይቶ የሚመለስ ሰው ወደ ላይኛው ፎቅ ቢወጣ ሥዕል አለ። የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ለንደን ስሌድ በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩትን ይዘው መጥተው እዚሁ የሠሩትን ማየት ይቻላል። (ጋዜጦች የማዕረግ ስማቸውን ጽፈው ሲጨርሱ ለሥዕሉ ቦታ እንደሚያጥራቸው አስተውላችኋል?)

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ጥያቄዬ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ጋዜጠኛችሁ ከሪባኑ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይሂድ፣ ሰው ሲቀንስ። አንድ ሥዕል ፊት ይቁም። ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው? ጥላው ምን ቀለም አለው? ጨርቁ ጥጥ ነው ሐር? ሰውየው ተቀምጦ ነው የተሣለው ወይስ ከስልክ ነው የተገለበጠው? ሠዓሊውን ይጠይቀው፤ እኛ ስለ ቀለም የሚጠይቀን ጠፍቶ ነው እንጂ ማውራትስ እንወዳለን። መልሱን እንዳለ አትሙት። ደንበኛውም ያነበዋል፤ እኔም ስለ እሁድ ከመከራከር እድናለሁ።

እናቶች ለሰዓታት መቀመጥ አይችሉም የሚባለውም ልክ አይደለም። ልጆቹ ናቸው የማይችሉት፤ ስልካቸው ይጠራል። እናቶች እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ጨዋታው ይደራል። በመካከል እያሳረፍኳቸው ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። ሲነሡ ሸራውን አይተው «ይኼ ሽበቴ ግን በዛ» ይላሉ፤ የሚከራከሩት ስለ ሽበት ነው፣ ቀላ አድርገኝ ያለችኝ እናት እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ጋዜጠኛ ልትልኩ ካሰባችሁ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይምጣ፤ ከሰዓት በኋላ ከማዶ ያለው አዲሱ ሕንፃ መስተዋት ፀሐይዋን እየመለሰ ብርሃኔን ያበላሽብኛል። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ካሜራውን ይጠብቅ፣ ከታችኛው በር አጠገብ ያለው ግድግዳም እርጥብ ቀለም አለበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፒያሳ ሠዓሊ (ስሜን ለዝግጅት ክፍሉ ጽፌያለሁ)
አዲስ አበባ